በአደባባይ የተከሰሱት የወይዘሮ ኑኃሚን ገብረኪዳን ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከወንጂ፣ ከሞጆና ከደራ ድረስ ልታጽናኑን የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የእህታችንን ሕይወት እንድትሰሙልን እንለምናለን። ሟችን ሁሉ ደግ፣ ቀባሪውንም ሁሉ ወዳጅ ማለት የአገር ልማድ ቢሆንም፣ ወይዘሮ ኑኃሚን ግን «ስሞት እኔንም ሌላውንም በውሸት እንዳታቆነጁ» ብለው ቤተሰቡን ስላስጠነቀቁ፣ የሚነበበው እንደ ቃላቸው ነው፤ የሚከፋው ካለም ይከፋው።

ወይዘሮ ኑኃሚን ከአባታቸው ከአቶ ገብረኪዳን ሎምባሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ደምሴ በ1968 ዓ.ም. በወንጂ ተወለዱ። አባታቸው ሸንኮራ ሊቆርጡ ከከምባታ መጥተው፣ ኋላ የመስኖውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚለቁ ሠራተኛ ሆነው እስከ ጡረታ ያገለገሉ ሲሆን፣ እናታቸውም በሠራተኞቹ ካምፕ ልጆቻቸውን በብርቱ ክንድ አሳድገዋል። ኑኃሚን ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁጡና እልኸኛ ነበሩ፤ ለትልቅም ሆነ ለትንሽ፣ ያመኑበትን ሳይናገሩ ማደር አይሆንላቸውም ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ አጠናቀው፣ አዲስ አበባ ሄደው በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቁ በኋላ ወደ አዳማ ተመልሰው በማስተማር ሥራ ተሰማሩ። በ1994 ዓ.ም. ከአቶ ገመዳ ሮባ ጋር በዚሁ ደብር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው፣ ልጆቻቸውን ኦብሴንና ኢፋን አፍርተዋል።

በማስተማር ላይ ሳሉ ዘወትር የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ኮሌጅ የተማሪውን መዝገብ የሚይዝ የራሱን ሰርቨር ገዝቶ በአንዲት የምታፍን ክፍል ይቆልፍበታል፤ ምዝገባ ሲደርስ ማሽኑ የተማሪውን ብዛት አልችል ብሎ ቀጥ ይላል፣ ተማሪውም በአዳማ ፀሐይ ተሰልፎ ይውላል፤ ምዝገባው ሲያልፍ ደግሞ ያው ማሽን ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ስለዚህ ወይዘሮ ኑኃሚን ከሥራ ባልደረባቸው ከአቶ አብዱልጀባር ሽኩር ጋር ሆነው፣ ኮሌጆቹ በጋራ የሚገለገሉበትን ማዕከል ለማቋቋም ተነሡ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ አባታቸው ውሃውን ለማሳዎቹ እንደሚያዳርሱት፣ የማሽኑም ጉልበት ሥራ ለበዛበት ኮሌጅ እንዲጨመር፣ ሲቀልለት ለሌላው እንዲለቀቅ፣ የተማሪውም ውጤት በሁለት ከተማ ተባዝቶ እንዲቀመጥ ነበር።

ይህን ሊያስረዱ የኮሌጅ ኃላፊዎችን በሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ስማቸውን በዚህ ቅዱስ ደጅ የማንጠራቸው አንድ ዲን ተነሥተው «የኮሌጄን ገመና ጎረቤት ቤት አላሳድርም» አሉ። ወይዘሮ ኑኃሚንም «ዶክተር፣ ገመናዎማ አሁንም ሜዳ ላይ ነው፤ ጣራው በሚያፈስ ክፍል ነው ያሳደሩት» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ። ነገሩ እውነት ቢሆንም በሰው ፊት መባሉ ለዲኑ የማይሽር ቁስል ሆነባቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በየቢሮው እየዞሩ ሥራውን ሲያደናቅፉ ከረሙ። የሆነ ሆኖ ሌሎቹ ኮሌጆች አንድ በአንድ ገቡ፤ የምዝገባውም ሰልፍ ቀረ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የተባለው ደረሰ። ዝናቡ በዲኑ ኮሌጅ በዚያች ክፍል ጣራ ወርዶ ማሽኑን አቃጠለው፤ የተመራቂዎቹም ውጤት አብሮ ጠፋ። ዲኑ ግን ጥፋቱ የጣራው መሆኑን ማመን ስላልሆነላቸው፣ ተማሪዎችንና ወላጆችን በአዳራሽ ሰብስበው «ሥራዋን አልቀበልም ስላልኳት ኑኃሚን በኢንተርኔት ገብታ አጠፋችብን» ሲሉ ከሰሱ። እህታችን ከሥራ ታገዱ፣ በፖሊስ ተጠየቁ። ትናንት ጉንጫቸውን የሚስሙ ወዳጆች ገበያ ላይ ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይሩ ጀመር፤ አንዲት የተመራቂ እናትም በራቸው ድረስ መጥተው ረገሟቸው። ከእነዚያ ወዳጆች አንዳንዶቹ ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው እዚህ ቆመዋል።

ባለቤታቸው አቶ ገመዳ «ተይው፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው» ቢሏቸው፣ «ልጆቹ ምን አጠፉ?» ብለው ተነሡ። ከአቶ አብዱልጀባር ጋር ሆነው በአዳማ፣ በመልካሳና በደራ የመምህራኑን ቤት እያንኳኩ፣ በየእጃቸው የቀረውን የፈተና ውጤት ለምነው፣ የከሰሳቸውን ኮሌጅ ተማሪዎች ውጤት በጋራው ማዕከል እንደገና መዘገቡ። ከተመራቂዎቹ አንዷ ፋዲላ ሰዓድ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልትቀጠር ቀጠሮ የነበራት ናት፤ ማስረጃዋ ሲደርስ ግን ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ወይዘሮ ኑኃሚን ስለ ራሳቸው መታገድ ሳያለቅሱ፣ ለእሷ አልቅሰዋል።

ፖሊስ ጥፋቱ የውሃ መሆኑን አረጋግጦ ነጻ ሲያሰናብታቸው ሰው በአዳራሽ ሰብስቦ ይህን የተናገረ አልነበረም። ዲኑ የምረቃውን ንግግር አደረጉ፤ የእህታችንን ስም አላነሡም። ቆይቶም ኮሌጃቸው ወደ ጋራው አገልግሎት ሲገባ፣ የአዲስ አሠራር ፈር ቀዳጅ ተብለው መድረክ ላይ ተሸለሙ፤ አጨበጨብንም።

እህታችን በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት ዲኑ ብርቱካን ይዘው ከአልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው። ወይዘሮ ኑኃሚንም «ሲከሱኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ያድርጉት» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሽማግሌ ቢላክ፣ የንስሐ አባታቸው ቢለምኗቸው፣ ቃላቸው ይኸው ነበር። ትናንት ማለዳ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ገመዳ ሮባን፣ ልጆቻቸውን ኦብሴንና ኢፋን፣ በሐዘን የተቀመጡ አሮጊት እናታቸውን፣ ይህን የሚያነቡትን ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንደ ወንድም የጸኑላቸውን አቶ አብዱልጀባርን፣ ስማቸውን እንኳ ሳያውቁ ማስረጃቸውን የያዙ ተማሪዎችንም ትተዋል። እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፣ በምድር የተነፈጉትን ፍርድም በእርሱ ዘንድ ያግኙ።

ዶክተር፣ ከዚያ ከጥዱ ዛፍ ሥር እንደ ቆሙ እናያለን። የሬሳ ሣጥኑ ገና አልወረደም፤ ሰዉም ተሰብስቧል። ድምፅ ማጉያው ይኸው።