እንትፍ ያልኩባት ተወዳዳሪ

ኦሮራ ከተማ፣ አፓርትመንታችን በር ላይ አንዲት ፈረንጅ ቆማ «የኮሎራዶን ትምህርት ቤቶች ለሚመራው ቦርድ እወዳደራለሁ፣ ይምረጡኝ» ትላለች፤ የልጅ ልጄ ሳራ ትተረጉማለች። ይቺ እንደ ሌሎቹ ለፍላፊዎች አይደለችም፤ «አንቺስ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» ብላ ሳራን ጠየቀቻት። ወደድኳት። እጇን ይዤ «ወንበሩን ያውርስሽ!» ብዬ መረቅኋትና፣ እንደ ደንባችን ፊቷ ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ፊቷን ጠርጋ፣ ይቅርታ ብላ ደረጃውን ወረደች።

«ኦ ማይ ጋድ! እማማ፣ የተፉባት መሰላት እኮ!» ብላ ሳራ ተከትላት ሮጠች።

«ምራቄን ለማንም አላባክንም በያት!» ብዬ ከላይ ጮህኩ።

ተያይዘው ተመለሱ። ሴትዮዋ እየሳቀች ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሰጠችኝ።

«ስቴቱ ሰፊ ስለሆነ ይጨምሩልኝ ነው የምትለው» አለች ሳራ።

ጨመርኩላት። ድምፄንማ በመጀመሪያው እንትፍ ሰጥቻታለሁ።