ብልቃጧና የኔ ዘይት

ከስፓዛዬ፣ ከሰፈር ሱቄ፣ ወጥቼ ሙዚየም የምሄድ ሰው አይደለሁም። ባለፈው ግን እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ጎትታ ወሰደችኝና አውራ ጣት የምታክል የብርጭቆ ብልቃጥ አሳየችኝ። የጥንት ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ የተባረከ ዘይት ይይዙባት ነበር አለችኝ። እኔ ጴንጤው ሳቄ መጣ። «ጌታ እያለ ሰው በብልቃጥ ይተማመናል እንዴ?» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። «መንገድ ላይ ሽፍታ ነበራ አባ። ሴፍ እንዲያደርጋቸው ነዋ» አለችና የጃኬቴን ኪስ ነካ አድርጋ «ያንተስ?» አለችኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ምን መሰላችሁ? የቸርቻችን ኮንፈረንስ ላይ ነቢዩ ጸልዮበት ያደለን ዘይት ነው። ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለው ሱቄ ከተዘረፈ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ከመክፈቴ በፊት የበሩን ብረት በሱ እቀባለሁ። «ይሄማ ሌላ ነው» አልኳት። «ኦኬ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፊቷን አየሁ፤ የማሳያው መስታወት ውስጥ ያለችውን ብልቃጥም ደግሜ አየኋት። የዘይቴን ብልቃጥ ከኪሴ አወጣሁና፣

«የኔ ፕላስቲክ ነው» አልኳት።