የጋሽ ምንይሉ ይሉኝታ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሀበሻ ሱቆች ፊት ለፊት፣ አንዲት አሮጌ ግራጫ መኪና ቆማለች። የፓርኪንግ ሜትሯ የተከፈለበት ሰዓት አልቋል። ውስጧ የተቀመጡት ጋሽ ምንይሉ ግን ስልካቸው ላይ አፍጥጠው፣ መኪና በመኪና እያየ የሚቀርበውን የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ እንኳ ልብ አላሉትም። በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ ወጣት ሮጦ በራሱ ካርድ ሜትሩን ከፈለና መስታወቱን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ የቅጣት ቲኬት ሊጽፍብህ ነበር እኮ።»

ወጣቱ ኢዮኤል ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ፣ አካውንቲንግ ተምሮ ካልቨር ሲቲ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሰዎችን ታክስ በነፃ የሚሞላ ልጅ። አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል፤ አንቱታው ግን አልሆነለትም። አክብሮቱን ሁሉ «ጋሼ» በምትለዋ ቃል ላይ ይጭናል። ጋሽ ምንይሉም በዚህ ቅር ተሰኝተው አያውቁም።

ሲያዩት ስልኩን ጭናቸው ላይ ገለበጡና ስለ ቤተሰቡ ጤንነት እየጠየቁ ሊሸኙት ሞከሩ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። ኢዮኤል በሌላው በር ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጥቂት ካቅማሙ በኋላ ስልኩን ሰጡት። የላኩት ታክስ ተቀባይነት አጥቶ ተመልሷል፤ ደግመው ቢልኩትም እንደገና ተመልሷል። ምክንያቱ ባጭሩ ተጽፏል፦ ባለፈው ዓመት መንግሥት ለጤና ኢንሹራንሳቸው ድጎማ ከፍሎላቸዋል፣ እሳቸው ግን የድጎማውን ሂሳብ የሚያሳየውን ፎርም አላያያዙም።

«ያንተ ኢንሹራንስ ከሥራ አይደል እንዴ?»

«ከሥራ ነው።»

«ታዲያ ይሄኛው ከየት መጣ?»

 ጋሽ ምንይሉ ነገሩን ያወጡት ቀስ እያሉ ነው። ካቻምና መገባደጃ ላይ እናታቸው ሲያርፉ ወንበር ተሸክሞ ያመጣው፣ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ የተቀበለው የዕድራቸው ሰው ስዩም ነበር። ስዩም ኢንሹራንስ ይሸጣል። እሳቸው ያን ሰሞን ከሥራ ተቀንሰው ስለነበር «ሶሻልህን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን ስጠኝ፣ ዋጋ አይቼ ልንገርህ» አላቸው። እንዲህ ለለፋላቸው ሰው እንቢ ማለት ነውር መሰላቸውና ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩት። ስዩም ዋጋውን ሳይነግራቸው፣ እሳቸውም እሺ ሳይሉት፣ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ ሥራ ገቡ። ከዚያ በኋላ በስማቸው የሚመጡትን የኢንሹራንስ ደብዳቤዎች የኔ አይደሉም እያሉ ሳይከፍቱ ፌስታል ውስጥ አጠራቀሟቸው።

ይህ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልተጨነቁ ነበር። ባለቤታቸው ወርቅውሃ አዲስ አበባ ኤምባሲ የቪዛ ቀጠሮዋ ደርሷል። ስፖንሰሯ እሳቸው ናቸው፤ የዘንድሮ ታክሳቸው ካልቀረበ ፋይሉ ይንጠለጠላል። በየቀኑ እየደወለች ወረቀቱ ደረሰ ወይ ትላለች፤ እሳቸውም እየተሠራ ነው ይሏታል። ዛሬ ጠዋት ስትደውል አላነሡም። ከተጋቡ ወዲህ ስልኳን አይተው ሳያነሡ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«በቃ፣ ወስኛለሁ» አሉ። «ኢንሹራንሱን ወስጃለሁ ብዬ ልፈርምና የድጎማውን ገንዘብ ቀስ እያልኩ ልመልስላቸው። ፎርሙን አንተ ሙላልኝ።»

«ሳትወስድ?»

«ሳልወስድ። ከመንግሥት ጋር ክርክር አልገጥምም። አልወሰድኩም ካልኩ፣ ታዲያ ማን አስገባህ ይሉኛል። ስዩምን ልጥራ? የእናቴን ለቅሶ የተሸከመውን ሰው? ነገ ዕድር ላይ በየት ዓይኔ አየዋለሁ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

የጋሽ ምንይሉ ስጋት ከንቱ አልነበረም። ዘመድ በሩቅ በሆነበት አገር ዕድርተኛን ማስቀየም ቀላል ነገር አይደለም። ይሉኝታ ባይኖር ስዩምም ያን ሁሉ ወንበር ባልተሸከመ ነበር። ችግር የሚመጣው ይሉኝታ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ፊርማ ላይ ሲቀመጥ ነው። ኢዮኤል ይህን ስለሚረዳ አልሳቀባቸውም፤ አልተቆጣቸውምም።

«ጋሼ፣ ያልሆነውን ሆኗል ብለህ ትምላለህ?»

«ሐሰት ምዬ አላውቅም። ምን ያለ ጥያቄ ነው?»

ኢዮኤል የታክስ ቅጹን ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ ከፊርማው መስመር በላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ተረጎመላቸው። ፈራሚው የሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እንደሚጠየቅ አውቆ ያረጋግጣል ትላለች።

«ይህችን ነው በየዓመቱ የምፈርመው?»

«ሁላችንም። የሚያነባት ግን የለም። ኤምባሲው የሚያየውም ይህንኑ ወረቀት ነው። ወርቅውሃን በሐሰት መሐላ ልታመጣት ነው?»

ጋሽ ምንይሉ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። እንደዚያ ከሆነ የስዩም ከሳሽ መሆናቸው አይቀርም አሉ።

«ማንንም ክሰስ አላልኩህም። መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያንተን ነው፤ ኢንሹራንሱን ጠይቀሃል ወይስ አልጠየቅህም? ማን እንደሞላው ከጠየቁህም የምታውቀውን ትናገራለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ዝም ብትል ግን ኢንሹራንሱ እየታደሰ ይቀጥላል፤ የዛሬ ዓመትም እዚሁ መኪና ውስጥ እንገናኛለን። ያኔ ሜትሩን አንተ ትከፍላለህ።»

ጋሽ ምንይሉ አልሳቁም። ኢዮኤል ግን አልተወም። «ለመሆኑ ስምህ ራሱ ምን ማለት ነው?»

«አባቴ ነው ያወጣው። እናቴ ሳትወልድ ስለቆየች መንደሩ ያማት ነበር። እኔ ስወለድ አባቴ ‹እስቲ አሁን ምን ይሉ!› ብሎ ምንይሉ አለኝ።»

«እኔ ደግሞ ‹ሰው ምን ይለኛል› ማለት መስሎኝ።»

ሽማግሌው ዞረው ገላመጡት፤ ከዚያ ሳይፈልጉ ሳቅ አመለጣቸው።

ሆኖም አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። ከስዩም ጀርባ ምንም አላደርግም፣ አስቀድሞ ከራሴ አፍ ይስማ አሉ። ኢዮኤልም ይህ ተገቢ ነው አለ። እዚያው መኪናው ውስጥ ሆነው ደወሉለት። ስዩም መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎ የሰፈርተኛን ሁሉ ችግር እንደሚሸከም ተናገረ፤ በመጨረሻ ግን አመነ። ጋሽ ምንይሉ ያለ ኢንሹራንስ እንዳይቀሩ ብሎ ሞልቶላቸው፣ በኋላ ሊያጠፋው አስቦ ረስቶታል። ወርኃዊ ክፍያ የሌለው ዓይነት ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያስታውሰው ኖረ።

«የሥራ ፈቃዴን ልታስነጥቀኝ ነው» አለ ስዩም።

«እኔ ውለታህን አልረሳሁም» አሉ ጋሽ ምንይሉ። «ሐሰት ግን አልፈርምልህም። የሆነውን ራስህ ብትጽፍላቸው ለሁለታችንም ይሻላል።»

ስዩም ደኅና ዋል ሳይል ዘጋው።

ከዚያ ድጎማውን ወደሚያስተዳድረው የመንግሥት ኢንሹራንስ ቢሮ ሲደወል፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል ተባለ። ጋሽ ምንይሉ ስልኩን ሸፍነው፣ አስተርጓሚዋ የፌርፋክስ ሰው ብትሆንና ብታውቀኝስ ብለው ተጨነቁ። ኢዮኤል የሰማችውን እንዳታወራ ሥራዋ እንደሚያስገድዳት ነገራቸው። ሠራተኛው በእርሷ በኩል ይህን ኢንሹራንስ ጠይቀው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አልጠየቅሁም» አሉ።

ቃሏ ከአፋቸው ስትወጣ ወደ ጎን ወደ መንገዱ አዩ፤ ማንም የሚያያቸው አልነበረም። ሠራተኛው አቤቱታቸውን መዝግቦ፣ እንደሚመረመርና ውሳኔው በደብዳቤ እንደሚደርሳቸው ተናገረ። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተገናኝተው ኢዮኤል ታክሱን መልሶ ላከው። በዚህ ጊዜ ግን ፎርሙ ያልተያያዘው ምዝገባው ያለ ፈቃዳቸው ስለተደረገ መሆኑን የሚገልጽ ማብራሪያ አብሮ አያያዘ። የተከተሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ጋሽ ምንይሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና በተቀበሉ ቁጥር ስልካቸውን ያዩ ነበር። «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለው መልእክት ሲደርስ ቁልፍ የሰጣቸውን ደንበኛ አስቁመው መጀመሪያ ወርቅውሃ ጋ ደወሉ።

ምዝገባው መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጣ ቀን ከፈቱት።

ስዩም ከአንድ የዕድር ስብሰባ ቀረ። በሚቀጥለው መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ የሆነውን ለቢሮው በጽሑፍ ማሳወቁን፣ ውሳኔ እየጠበቀ መሆኑን ለጋሽ ምንይሉ በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸውም ከጎናቸው ወንበር ሳቡለት። ከዚያ ተነሥተው፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ የደረሰባቸውን ለጉባኤው ተናገሩ። ደብዳቤ ሳይከፈት እንዳይቀመጥ፣ ሶሻል ለውለታ ተብሎ እንዳይሰጥ፣ በስማችን የተሳሳተ ነገር ቢጻፍ አልሆነም ብሎ ማሳወቅና ቅጂውን መያዝ መብት እንጂ ድፍረት እንዳልሆነ መከሩ። ስፖንሰር የሆነ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጠንቀቅ፣ የአንዱ ዝምታ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው ቀጠሮ ያሰናክላል አሉ።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ጸሐፊው ሶፎንያስ አዲሱን የዕድር ደንብ ለፊርማ አዞረ። ሁሉም ፈርሞ አሳለፈ። ጋሽ ምንይሉ ጋ ሲደርስ ግን መነጽራቸውን አወጡና ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ወንበር መንቋቋት ጀመረ፤ አንዱ የመኪና ቁልፉን ያንቃጭላል።

«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ» አለ ሶፎንያስ ጎንበስ ብሎ። «ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ምንይሉ፣ ገጹን እየገለጡ። «አነበበ ይላል።»