ማር የነካ አውራ ጣት

ከሸዋ መጥተው ሐረር ከሰፈሩት ሰዎች መካከል እንደ ባላምባራስ ሀብተወልድ ዘር የሚቆጥር አልነበረም። ሰባት ቤት መቁጠር ለእርሳቸው ዳዴ ማለት ነው፤ እርሳቸው አያት ቅድመ አያት መደርደር ሲጀምሩ የጀጎል ግንብ እንኳ ቆሞ መስማት ሰልችቶት ዘመም ይል ነበር። እኒህ ሰው ግን በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ቃል ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅራ አላስውጥ አላስተፋ ብላቸው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ አልወለዱም። ወላጆቿ በኅዳር በሽታ ያለቁባትን ጽጌሬዳን በሕፃንነቷ ወሰዱና እንደ ወጉ ወይዘሮዋ ጡታቸውን፣ ባላምባራስም አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጥብተው የጡት ልጅ አደረጓት። አሁን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌም «የማን ልጅ ናት?» ማለቱ አይቀርም። «ልጄ ናት» ካሉ በክብር ትዳራለች። «አሳዳጊዋ ነኝ» ካሉ ግን ሽማግሌው ጋቢውን ሰብስቦ ይነሣል። ባላምባራስ ደግሞ «ልጄ» የምትለዋን ቃል ለአጥንታቸው ፍላጭ ሲቆጥቡ የኖሩ ናቸው።

ይህን እያብሰለሰሉ ከጀጎል በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ጥላ ሥር እንደቆሙ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ ኋላ በአዲሱ ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ኃይለመስቀል ሳያስበው አገኛቸው።

«ደህና ዋሉ ጌታዬ? ግንቡን ደግፈው ነው ወይስ እርሱ ደግፎዎት?»

«ተደጋግፈን ነው ልጄ፤ ሁለታችንም አርጅተናል።»

የነገው ሽማግሌ ያሳደረባቸውን ጭንቀትም አጫወቱት። ለመንገደኛው ሁሉ «ልጄ» የሚሉ ሰው ለጽጌሬዳ መንፈጋቸው ኃይለመስቀልን አስገረመው፤ ግን ጨዋ ነውና አስጨረሳቸው። ባላምባራስ ደም ውኃ አይሆንም አሉ፤ ማር አጥንት አይተክልም አሉ። በመጨረሻም ደረታቸውን ነፍተው፣

«ስሜ ራሱ ምስክሬ ነው። ሀብተ ወልድ! የወለዱት ልጅ ሀብት ማለት ነው» አሉ።

«ይቅርታዎን ጌታዬ፤ ስምዎ የመሰከረው በእርስዎ ላይ ነው። በግዕዝ ሀብት ስጦታ ነው። ሊቃውንቱ ሀብተ ወልድ የሚሉት በጥምቀት የምናገኘውን ልጅነት ነው፤ ያልተወለደው በጸጋ ልጅ ሲሆን። ሰው ስምዎን በጠራ ቁጥር ‹የጡት ልጅ› እያለ ነው የጠራዎት።»

የባላምባራስ ከዘራ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። ድምፁ እስከ ድሬዳዋ ሳይሰማ አልቀረም።

ኃይለመስቀል ከዘራውን አንሥቶ በሁለት እጁ እየሰጠ፣ በሮማውያን ሕግ አባወራው የባዕድ ልጅ ሲቀበል ልጁ እንደ ተወለደ ሆኖ እንደሚወርስ፣ ጳውሎስም መዳናችንን በዚያ ወግ እንደመሰለው ነገራቸው። የባሕርይ ልጅ የሆነው ወልድ ሰው የሆነው እኛ የጸጋ ልጆች እንድንሆን ነው፤ አበው ይህን ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በቀደመው ዘመንም ከጥምቀት ውኃ የወጣው ወተትና ማር ይቀምስ ነበር አላቸው።

«ማር?» አሉ ባላምባራስ። አውራ ጣታቸውን አዩ። «ቢሆንም ምሳሌ ነው። በምሳሌ ቤት አይሠራም።»

«ጧት ጧት ‹አባታችን ሆይ› ይሉ የለም? ወይስ እርስዎ ‹አሳዳጊያችን ሆይ› ነው የሚሉት?»

ኃይለመስቀል እጅ ነሥቶ ሄደ፤ እርሳቸውም ከበሩ ሥር ተቀመጡ፤ የገበያው ድምፅ እንደ ንብ መንጋ እየራቀ፣ የከሰዓቱ ሙቀት ዓይናቸውን ከደነው።

ሸዋ በር አድጎ አድጎ ደመና ነካ። አንድ በረኛም «የማን ልጅ ነህ?» አላቸው። አያቶቻቸውን ይደረድሩ ጀመር፤ መንዝን አለፉ፣ ነገሥታቱን አለፉ፣ አዳም ደረሱ። በረኛው «አዳምም የገባው በጸጋ ነው» ብሎ እንደ ቆመ ቀረ። ባላምባራስ የሚቆጥሩት አለቀባቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘር መካከል ብቻቸውን ቆሙ። ያን ጊዜ ከውስጥ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «የእኔ ልጅ ነው፤ ክፈትለት» አለ።

ነቁ። አፋቸው ማር ማር ይል ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ገና «የማን...» ብሎ ሳይጨርስ፣

«የእኔ ልጅ ናት» አሉ ባላምባራስ። «ጽጌሬዳ ሀብተወልድ። ዘሯን ልቁጠርላችሁ?»

ቆጠሩም፤ አንድ አያት ሳያስቀሩ። ጽጌሬዳ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ እንባዋን በዚያው በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት።

ከዚያ ወዲያ በሐረር የጡት ልጅ ያላቸው ሁሉ ቃሉን መቆጠብ ተዉ። ቃሉ ላጣው ልጅ ስም፣ ላልወለደው ቤት ዘር፣ ለሽማግሌም እርካታ ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ያለችውን ወላጅ አልባ «ልጄ» ለማለት ምላስህ ቢከብድ፣ ጧት ስትጸልይ ማንን በምን ስም እንደምትጠራ አስብ። «አሳዳጊያችን ሆይ» የሚል ጸሎት እስከ ዛሬ አልተጻፈም።