ጋሽ መኮንን አልገጥምም ያሉኝ ጎማ

እህቴ ሪኖ ከተማ ምጥ ይዟት ሆስፒታል መግባቷን በሰማሁ ጠዋት፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ ካለችው ኒውአርክ የገዛኋቸውን አራት የበረዶ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ጭኜ ኦክላንድ፣ ጋሽ መኮንን ጋራዥ ደረስኩ። ቸርኬዎቹ ሲያብረቀርቁ ነው የወደድኳቸው። ጋሽ መኮንን አንዱን መኪናዬ ላይ አስገብተው በእጃቸው ሲነቀንቁት ተወዛወዘ። «ይሄ ቸርኬ ለመኪናህ ልክ አይደለም፤ አልገጥምልህም» አሉኝ። «ጋሼ፣ እህቴ ብቻዋን ናት፤ ወደ ሪኖ የሚያሻግረው ተራራ ላይ በረዶ እየጣለ ነው። ዝም ብለው ብሎኑን ያጥብቁልኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሌላ ጋ ሄደህ አስገጥም፤ እኔ በገዛ እጄ ገደል አልከትህም» ብለው መፍቻውን አስቀመጡ። ተናድጄ ጎማዎቹን መልሼ መጫን ስጀምር ግን፣ እሳቸው ክሪክ ይዘው ወደ ራሳቸው መኪና ሄዱ። እንደኔው ዓይነት መኪና ናት፤ በረዶ ወደሚበዛበት ታሆ ስለሚመላለሱባት የበረዶ ጎማ አላት። አራቱንም ፈተው፣ ጥቁር የብረት ቸርኬ ያላቸውን ጎማዎች መኪናዬ ላይ ገጠሙልኝ።

ተራራው ላይ ከፊቴ የነበረው ፒካፕ ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ ትንሽ ሄደችና አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሆስፒታል ስደርስ እህቴ በሰላም ተገላግላ ልጇን ታቅፋለች። ወዲያው ለጋሽ መኮንን ደወልኩላቸው።

«ምን ወለደች?» አሉኝ።

«ሴት። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠዋት ጮህኩብዎ።»

«መቼ? አልሰማሁህም። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ይጮህ ነበር።»

ኮምፕሬሰሩ ግን ያን ጠዋት አልተነሳም ነበር።