በመስታወት ውስጥ ያለችው የመዳብ ቱቦ

እትዬ ኢሽበል፣ ዝናቡ ዛሬም አላባራ አለ አይደል? ልጅቷ ጥርስ ልታወጣ ነው መሰለኝ ያተኩሳታል... ሌላ ሕመም ቢሆንስ እያልኩ ግንባሯን ስዳብስ ነው የዋልኩት። ትንሽ አየር ታግኝ ብዬ አዝያት ወደ አሮጌው የውስኪ መጥመቂያ ወጣሁ። ሙዚየም አድርገውት የለ? ዛሬ የድሮ ሠራተኞች ተጋብዘው ነበር።

እንዴት አሳምረውታል! ያቺ የምታስጎበኘዋ... የተማረች ናት እኮ። ለትኬት ቆራጭነቱ ያመለከትኩ ጊዜ እንኳ በምን ትሕትና መለሰችልኝ! አባትሽ ውስኪ ሰርቆ የተባረረ ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ ላንቺው አስቤ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። አባቴን ያስባረሩት የሷ አባት አልነበሩ? የበርሜል ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው... ከሳቸው በላይ ሌባ የሚያውቅ ከየት ይመጣል?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የሳቸውማ ዕቃቸውም ዋለ። ከሣጥናቸው ያገኘችውን የመዳብ ቱቦ በመስታወት ውስጥ አኑራዋለች። ከሥሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ «የሙቀት መለኪያ፣ የአባቴ መታሰቢያ» ይላል። ባንዱ ጫፍ ሳንቲም ተበይዶበታል፣ በሌላው ቡሽ፣ አንገቱ ላይ የማንጠልጠያ ክር... መቼም እርስዎ ያውቁታል። የድሮ ሠራተኞች «ውሻው» የሚሉት፤ ውስኪውን ጠጥቶ፣ ሱሪ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ሳይጮኽ ጌታውን ተከትሎ ቤት የሚገባው። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ተሳስቼ ይሆናል።

በርሜል ሠሪው ሽማግሌ ፈርካር ግን ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሏት። «ሙቀት ነው የሚለካ... የጭን ሙቀት።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እሷ አመስግና ለጎብኚዎቹ እንዳለ ደገመችላቸው። እንዲህ ያለ የዋህነት አይተው ያውቃሉ?

ስለ ትኬት ቆራጭነቱ የሙዚየሙ ኮሚቴ ሰኞ እንደገና ይሰበሰባል አሉ። ፈርካርም አባል ናቸው። እኔ ምን አገባኝ... አንድ ቃል አልተነፍስም። አባቴስ በሌባ ስም ተቀበረ እንጂ መቼ ተነፈሰ? ለርስዎም እንዲያው ወሬ ብዬ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለሰው እንዳይነግሩብኝ፣ እባክዎ።

እኔማ አልቀየማትም፤ እናት አይደለሁ? ጌታ ይባርካት፣ ልጆች ይስጣት። እሷ አባቷን እንዳከበረች ልጆቿም እንዲሁ አድርገው ያክብሯት... ያውም ሰው ሁሉ እያየ።