ሁለት ዲግሪ ያጋደለ አድማስ

ነርሷ ወደ መነጽር ቤቱ የገባችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ጃንጥላዋን በር ላይ አራገፈችና ከባንኮኒው ፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባንኮኒው ላይ የባለቤቱ ታናሽ እህት ነበረች። ባለቤቱ፣ መነጽር ሰሪው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሆኖ የነርሷኑ አዲስ ሌንስ በማሽን ይሞርዳል።

“እንደምን ዋልሽ የኔ ቆንጆ? ይሄ ዝናብ አይገርምም? ልብስ አስጥቼ ነበር እኮ… ውይ፣ አትቸኩሉ፣ እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ከሥራ ነፃ ነኝ። ጫማሽ እንዴት ያምራል! አይጠብሽም?” አለቻት ነርሷ እህቲቱን።

መነጽር ሰሪው ድምፅዋን ሲሰማ ደስ አለው። ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ የሚሰበሰበው የፎቶ ማኅበር አባላት ናቸው። ተራራውን፣ ሐይቁን፣ ሜዳውን ለፍቅር ብለው የሚያነሱ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ያነሱትን በስልክ ግሩፓቸው ይለጥፉና አስተያየት ይሰጣጣሉ። በአስተያየት ደግሞ መነጽር ሰሪውን የሚያህል የለም። ሌንሱን ጨርሶ ወጥቶ ሰላም ሊላት አሰበ።

“ማኅበራችን? ደህና ነው፣ ተመስገን። አንድ ሰው አሉን፣ አልነገርኩሽም? እሳቸውን ባናገኝ ምን ይውጠን ነበር!”

ጡረተኛውን ሾፌር ነው የምታወራው ብሎ ገመተ። በማኅበሩ ውስጥ አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

“ዓይናቸው ነው እንጂ ዓይን! እኛ ፎቶ ስናይ ሐይቅ እናያለን፤ እሳቸው የጎደለውን ያያሉ። ባለፈው ወር ሐይቄን ብለጥፍ ‘ከግራ ቁረጪው’ አሉኝ። ቆረጥኩ። ‘ከታችም ቁረጪ’ አሉኝ። ቆረጥኩ። ጀልባው ሄደ፣ ውሃውም ተከተለው… አሁን ሳሎኔ የተሰቀለው ሰማይ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ‘ግድግዳውን ምነው እዚህ ጋ ብቻ ሰማያዊ ቀባሽው?’ ይለኛል። ቢሆንም ተምሬበታለሁ። መማር ይጠላል?”

እህቲቱ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። መነጽር ሰሪው ጆሮው ጋለ። ‘ከግራ ቁረጪው’ ያላት እሱ ነው። እስከ ትናንት ድረስ አንተ ስትለው የኖረች ሴት ዛሬ ‘እሳቸው’ አድርጋው አረፈች።

“ትጋታቸውስ? ሌላው ‘ጎበዝ!’ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እሳቸው ቁጥር ሰጥተው ነው የሚጽፉት። አንደኛ፣ ሁለተኛ… አሥራ አራተኛ። በዚህ ዘመን ለሰው ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ማን አለ?

“ጋሼ ሾፌርን ታውቂያቸው የለ? ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነዱ። ‘ተሳፋሪው በመስኮት እያየ ሲደነቅ፣ እኔ ፊት ለፊቴን ብቻ ሳይ ኖርኩ ልጄ’ ይሉኝ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው ካሜራ ገዙላቸው። ታዲያ እዚያው መንገድ ዳር ሄደው ቆሙና ጎን ጎኑን አነሱት። ገደሉን፣ ከገደሉ ማዶ ያለውን ሜዳ። የመጀመሪያ ፎቷቸው ናት። ግሩፑ ላይ ሲለጥፏት የት ጋ እንደሚነካ ያሳየኋቸው እኔው ነኝ።

“የኛ ሰው አላስጠበቋቸውም። ‘አንደኛ፣ አድማሱ በሁለት ዲግሪ አጋድሏል።’ ሁለት ዲግሪ! እኔ የበሽተኛ ትኩሳት እንኳ እንዲህ አጥርቼ አለካም። ‘ሁለተኛ፣ የግራው ምሰሶ ይውጣ።’ ማን እንደሚነቅለው ግን አልጻፉም… ‘አሥራ አራተኛ፣ በርቱ።’ ይኸው፣ ማበረታታትም ያውቃሉ። ተራው እስኪደርስ ነው እንጂ።”

መነጽር ሰሪው ያን አስተያየት የጻፈው ምሳው እየቀዘቀዘ ነበር። ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ያን ቀን በደስታ ነው የዋለው።

“ከዚያ ጋሼ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። ሄጄ ሳንኳኳ ካሜራው ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ በሲባጎ ታስሯል። ‘ምነው ጋሼ?’ ብላቸው፣ ‘እኔ የማውቀው መሪ መያዝ ነው ልጄ፤ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው’ አሉኝ። አየሽ? ሰውን ልኩን ለማሳወቅ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። እሳቸው በአንድ ምሳ ሰዓት ጨረሱት… ችሎታ አይደለም?”

ማሽኑ ቆመ። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይሰማኛል ብላ ሰግታ አይደለም፣ ከእንግዲህ መጮህ ስላላስፈለጋት ነው።

“መነጽር ቤት ናችሁና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሩቁን አጥርቶ የሚያይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን የሚደበዝዝበት… ለእንዲህ ያለው ትሠራላችሁ? ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ለማውቀው ሰው ነው።

“የእሳቸውን ፎቶ ብትዪኝ… አላየንም። አራት ዓመት ሙሉ አንድም አልለጠፉም። ትሕትና ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የእሳቸውን አይተን የእኛን እንዳንጥለው አዝነውልን ነው።”

ይህችኛዋ ውስጡ ገባች። ስልኩ ውስጥ ስድስት መቶ ፎቶ አለ። ሊለጥፍ ባነሳ ቁጥር የራሱኑ ፎቶ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይቆጥርና መልሶ ይተወዋል። ይህን ለእህቱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም።

ስልኩን አወጣ። አንድ ኮረብታ መረጠ፤ ጥጉ ላይ የጣቱ ጥላ ያረፈበት፣ አድማሱም ቀጥ ያላለ። ከሥሩ ጻፈ፦ “ጋሼ፣ ይህ የእኔ ነው። የእርስዎን ሜዳ ሳላየው ነው አስተያየት የሰጠሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅዳሜ ይምጡ፤ ነገር ግን” አለና ‘ነገር ግን’ን አጠፋት። ሐሳቡን ሳይቀይር ላከው።

የነርሷ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። እሱም መጋረጃውን ገልጦ ወጣና የተጠናቀቀውን መነጽር በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጎ ፊቷ አስቀመጠላት። ነርሷ መነጽሩን አጠለቀች፣ ስልኳን አየች። ፎቶውን አጎላችው። ስልኩን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለች፣ መልሳ ወደ ቀኝ። እሱ የምርመራ ውጤቱን እንደሚጠብቅ በሽተኛ ቆሟል። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ጋሼ ሾፌር “እመጣለሁ” ብለው ጽፈዋል። ነርሷ ዓይኗ በሳቅ ተሞላ፤ ፊቷን ግን ወደ እህቱ ነው ያዞረችው።

“እዪ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ጥርት አድርጎ ያሳያል! የሠራው እጅ ይባረክ። ለእኚያ ለኛ ሰውም ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ዛሬ የመጀመሪያ ፎቷቸውን ለጥፈዋል አሉ… እንግዲህ ለእሳቸውም እንደ እሳቸው ያለ ዓይን ያለው፣ እንደ እሳቸው የሚተጋ፣ አንዷን ጉድለት እንኳ ሳያልፍ ቆጥሮ የሚነግራቸው ሰው ይዘዝላቸው። አሜን በይ እንጂ!”